ሦስት ነፍሳት በብልቃጥ

ቆሜ ነው የማወራችሁ፤ እናንተ ግን ተቀመጡ። እኔ መቀመጥ አልችልበትም። ልጅ ሆኜ እናቴ «መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ?» ትለኝ ነበር፤ አድጌ አስተማሪ ስሆንም እሾሁ አልወጣም። የሁለተኛ «ለ» ተማሪዎቼ እኔን በዓይን ሲከተሉ አንገታቸው ሲዞር ይውላል። ከጎኔ ያለውን ክፍል የምታስተምረው መምህርት ሃሊማ «አንተ ስታስተምር እኮ ግድግዳው ራሱ ይደክመዋል» ትለኛለች። ይህን ያነሳሁት እንዲሁ ለጨዋታ አይደለም። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ስቅበጠበጥ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ረጋ ብዬ መልሼ ባነበው ኖሮ አምስት ጎልማሶች፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ክፍሌ ድረስ ባልመጡ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አሶሳ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ (ስሙን ተዉት፣ እንጀራዬ ነው) ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው፣ ጣሪያዋም ሁለት ቦታ ያፈሳል። ዳይሬክተሩን ስለምን ከርሜ ለሳይንስ ሰጡኝ። በቀርከሃ ሦስት መደርደሪያ ሠራሁላት። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት፣ እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ፣ የወፍ ጎጆ፣ ከባምባሲ መንገድ ዳር የለቀምኳቸው ድንጋዮች፣ ምን ያልደረደርኩት አለ። ልጆቹ እዚያ ሲገቡ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም ይላሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይናገራሉ። እኔ ማግኔት በእጄ የነካሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ተማሪ ሳለሁ መጽሐፉ ላይ ተስሎ ነበር፣ ቀይና ሰማያዊ፤ ሥዕሉ ላይ ምስማር እያስጠጋሁ ይስብ እንደሆነ እሞክር ነበር። ስለዚህ ያቺን ክፍል እወዳታለሁ፤ ምን ላድርግ።

ዳይሬክተራችንም ይወዷታል፣ ለሌላ ጉዳይ። ግቢው ውስጥ የተከመሩ የተሰባበሩ ወንበሮች አሏቸው። «ቀላል ጥገና ብቻ ነው የሚፈልጉት» ይላሉ፣ እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ። ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ ዝናብ እንዳያበሰብሳቸው ክፍሏ ውስጥ ሊያስገቧቸው ፈለጉ። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ዓርብ ጠዋት ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣሉ፤ ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ ሲማሩ አይተው ከወደዱት ክፍሏ ትቀጥላለች። ካልወደዱት ሰኞ ወንበሮቹ ይገባሉ።

እንግዲህ ምን ላስነካቸው? ወሩ ግንቦት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሶሳ ውስጥ የሚበረውና የሚሳበው ሁሉ ይወጣል። መብራት ሲመጣ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባው ምስጥ ነው። በነፃ የተገኘ የትምህርት መርጃ ማለት ይሄ አይደል? ሐሙስ ከሰዓት ደወሉ ሊደወል ሲል፣ እኔም አንድ እግሬ በር ላይ እያለ፣ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የቤት ሥራ። ነገ ሦስት ነፍሳት በብልቃጥ ይዛችሁ ኑ። ከወላጆቻችሁ ጋር ተጋግዛችሁ ሥሩ።»

ሃሊማ በመስኮት አየችው። ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ የክፍሌ ልጆች ግማሹ እንደዚያው ናቸው፣ አማርኛን ሁለተኛ አድርገው የለመዱ።

«ዝንብ፣ ጉንዳን፣ ምስጥ ብለህ ጻፍላቸው» አለችኝ።

«መጽሐፉ ነፍሳት ነው የሚለው። ሳይንሳዊውን ቃል መልመድ አለባቸው።»

«ምዕራፉን ጀምረሃል?»

«ነገ እጀምረዋለሁ።»

«እሺ፣ ሳይንሳዊው» ብላ ሄደች። እዚያ ላይ ቆም ብል ምን ነበረበት። ግን ሱፐርቫይዘሯ ይመጣሉ እያልኩ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ይሮጣል። ልጆቹ የጻፍኩትን ገለበጡ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ወጡ።

እኔ ቤቴ ገብቼ የማርፍ ሰው ስላልሆንኩ ገበያውን ልዞር ወጣሁ። ጉሊት አጠገብ የናትናኤልን እናት የሺን አገኘኋት። ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ እርግዝናዋ ገፍቷል፣ ልትወልድ ሁለት ወር ቢቀራት ነው።

«መምህር፣ የልጁን የቤት ሥራ አየሁት» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት ነው ያሉት?»

«ሦስት ይበቃል። ብዙ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።»

«በሕይወት ያሉ?»

«በሕይወት ቢሆኑ ይመረጣል። የሞቱም ችግር የላቸውም፣ እንዳይሸቱ ብቻ።»

የያዘችውን ቲማቲም አስቀመጠች። «ከየት ነው የሚገኙት?»

«የት ይጠፋሉ? ጓሮ ነው፣ ሽንት ቤት አካባቢ ነው። ሲመሽ ደግሞ ራሳቸው ይመጣሉ። ክንፍ ያላቸው ትንሽ ያስቸግራሉ፣ እነሱን ቀስ ብሎ ነው።»

አማተበች። እኔ የምትበረው ምስጥ የሚያስፈራት መሰለኝ፤ እንዲያውም ላጽናናት ፈለግሁ።

«ከዚያስ ምን ያደርጓቸዋል?»

«በመርፌ ካርቶን ላይ እንወጋቸዋለን። ከሥር ስማቸውን እንጽፋለን። ከዚያ ግድግዳ ላይ እንሰቅላቸዋለን።»

ከመቀመጫዋ ተነሳች። ለክብሬ የተነሳችልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ዞር ስል ከጎኗ ያሉት ባለ ጉሊቶች ሁሉ ወደ እሷ ተሰብስበው ነበር። ስለ ሳይንስ የሚወያይ ገበያ አልኩ በሆዴ።

ትንሽ እልፍ ስል ከመንገዱ ማዶ አቶ ገመቹ ጠሩኝ። የሲፈን አባት ናቸው፤ ከወለጋ መጥተው እዚህ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የከፈቱ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ።

«መምህር፣ ሦስት ብቻ ለምን? እኔ አራት አመጣለሁ።»

«አቶ ገመቹ፣ እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ አሥር ቢኖረኝ የት በደረስኩ።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ መምህር። ዋናው የጌታ ሥራ ነው፣ እኛ ማምጣት ብቻ ነው።»

እውነትም ዝንብን የፈጠረ እሱ ነው ብዬ ተስማማሁ። ቤቴ ገብቼ መርፌ ቆጠርኩ፣ ካርቶን ቆረጥኩ፣ መልሼ መርፌ ቆጠርኩ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ እግሬ ይወዛወዝ ነበር አሉ፤ ያለችው ባለቤቴ ናት።

ዓርብ ጠዋት ክፍሌ ገብቼ ልጆቹን ሳይ ሰባት ናቸው። ከአርባ ሦስት ሰባት። በር ወጥቼ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ በመስኮት አየሁ፣ እንደገና በር። ሌላው ክፍል ሁሉ ሞልቷል። የሰባቱንም እጅ ሳይ ብልቃጥ የለም። ሱፐርቫይዘሯ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ጭንቅላቴ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል።

በዚህ መሀል አቶ ገመቹ ከሴት ልጃቸውና ከአራት ወንዶች ጋር ገቡ። አንደኛው የሚስታቸው ወንድም ነው፣ ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ፣ ሦስተኛው ልብስ ሰፊ። አራተኛውን አላውቀውም፤ ሳምቡሳ እየበላ ነበር።

«አመጣኋቸው» አሉ ፊታቸው በርቶ።

«ምኖቹን?»

«ነፍሳቱን። ይሄ ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ሦስት ዓመቱ። ይሄ መጠጥ። ይሄ ደግሞ እሁድ እሁድ ባጃጅ ነው የሚነዳው።»

«አቶ ገመቹ፣ እነዚህ እኮ ሰዎች ናቸው።»

«ነፍስ የሌለው ሰው አለ እንዴ መምህር?»

ያኔ ነው የገባኝ። ዞሬ ሰሌዳውን አየሁት። የትናንቱ ጽሑፍ አልጠፋም። ሦስት ነፍሳት። በብልቃጥ። ሐሙስ ከሰዓት ለየሺ የነገርኳት እያንዳንዱ ቃል ተራ በተራ ተመለሰልኝ፤ በሕይወት ያሉ፣ እንዳይሸቱ፣ ሽንት ቤት፣ ክንፍ፣ መርፌ። ዳስተር ፈለግሁ፣ የለም። በኮቴ እጅጌ አጠፋሁት፤ ኮቴ ነጭ ሆነ፣ ጽሑፉ ግን አሁንም ይነበባል።

የሺ ገባች። በአንድ እጇ የጸበል ጠርሙስ ይዛለች፣ በሌላው ናትናኤል እየጎተታት ነው።

«ቲቸር፣ ሦስት ሞልቷል» አለ ልጁ በኩራት። «እናቴ ሁለት ናት፣ እኔ አንድ።»

«ዝም በል አንተ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፦ «እኔ የመጣሁት የልጄን ስም ከመዝገቡ ላይ እንዲሰርዙልኝ ነው። የቀሩትም አይመጡም። ጉሊት ላይ ተነጋግረናል። የሰው ነፍስ በመርፌ ሲወጋ ቆመን አናይም።»

«የሺ፣ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ እኔ ያልኩት…»

«ስሙን አይጥሩ!» አለችኝ።

በሩ ላይ የአሚና አያት ሼህ ሀሚድ ቆመው ነበር። አሚና ዓመቱን ሙሉ ከመጨረሻው ወንበር ላይ «አቤት» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣት ልጅ ናት። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ ቦታዋ ሄደች። አያቷ ቀስ ብለው ገብተው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ቆይ፣ ሴትዮ» አሉ። «አስተማሪ ይናገር። ልጁ ተናግሯል፣ አስተማሪ ነፍስ ፈለገ ብሏል። ለምን ፈለገ? እንስማ።» አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ «ልጁ» ያሏት አሚናን ነው።

መናገር የምችል መሰላቸው። እኔ ከሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሰሌዳው ስመላለስ ዳይሬክተሩና ሱፐርቫይዘሯ ገቡ።

«የወላጅ ስብሰባ ነው እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ አይካድም፤ ነፍሰ ጡር ቆማ ሲያዩ የእኔን ወንበር አነሱና ሰጧት። ለራሳቸው ከግቢው ክምር አንዱን አስመጡ። «ቀላል ጥገና ብቻ…» ብለው ሲቀመጡ ወለሉ ላይ ተገኙ። ሲፈን ብቻ ሳቀች። እኔ አነሳኋቸው፤ ኮታቸውም እንደ ኮቴ ነጭ ሆነ።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽራቸውን አስተካክለው ደብተራቸውን ከፈቱ። «የዛሬው ትምህርት ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ነ…» አልኩ። «ስለ ነ… ስለ…»

«ስለ ነፍስ ነው!» አለች የሺ። «ሰው በመርፌ ሊወጋ ነው። በአፉ ነው የነገረኝ።»

ልብስ ሰፊው ወደ በሩ ጠጋ አለ። አቶ ገመቹ «እኔ ስለ መርፌ አልሰማሁም» አሉ። ዳይሬክተሩ እኔን እያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ዝንብ በመስኮት ገባች፤ ዞራ ዞራ የሱፐርቫይዘሯ ደብተር ላይ አረፈች። ሃሊማ ጫጫታውን ሰምታ መስኮቱ ላይ ቆማ ኖሮ በጣቷ አመለከተች።

«ነፍሳት ማለት ይቺ ናት» አለች። «ዝንብ። ጉንዳን። ምስጥ። ሰውየው የመጽሐፍ አማርኛ ይወዳል፣ ሌላ ጥፋት የለበትም።» ለሼህ ሀሚድና ለልጆቹ በበርታም ደገመችላቸው።

ሁሉም ዝንቧን ያያል። ከዚያ የሺ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ሲያቆም «ክንፍ ያላቸው ያስቸግራሉ ብሎኝ እኮ፣ እኔ መላእክት መስሎኝ» ትልና እንደገና ትጀምራለች። አቶ ገመቹ ብቻ አልሳቁም። አራቱን ሰዎች ተራ በተራ አዩአቸው።

«ለዝንብ ነው አራት ሰው ሥራ ያስፈታሁት?»

«እኔ ልሂድ?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«የትም አትሄድም» አሉት።

ሱፐርቫይዘሯ እንባቸውን ጠርገው መነጽራቸውን መለሱ። «እሺ፣ ስቀናል። ግን እኔ የመጣሁት ልጆቹ በእጃቸው ሲማሩ ለማየት ነው። ዝንቦቹ የታሉ?»

አንዷ ዝንብም ወጥታ ሄዳ ነበር። ትናንት ማታ ሻሂዬ ውስጥ ስንት ምስጥ ወድቆ ነበር፣ ዛሬ አንድ ጉንዳን እንኳ ለምልክት አልተገኘም። ዳይሬክተሩ በመስኮት ወደ ክፍሏ አቅጣጫ አዩ። እያሰሉ ነበር፤ ስንት ወንበር በቁም፣ ስንት በጎን እንደሚገባ። የእባቡ ቆዳ የት ይሄዳል? ማግኔቱን ማን ይነካዋል?

ያን ጊዜ አሚና ከመጨረሻው ወንበር ተነሳች። አያቷ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። ወደ ፊት መጣችና እርጥቡን ጨርቅ ፈታችው። የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት ብልቃጥ ነው፣ ጥርት ብሎ የታጠበ፣ ባዶ። ክዳኑን ከፈተች፣ አፏን አስጠጋችና እፍ ሳይሆን ሃ አለችበት። መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሆነ።

«ይኸው» አለችኝ።

ሼህ ሀሚድ ከመቀመጫቸው ተናገሩ። «ነፍስ የአላህ ነው፣ አይሰጥም። አስተማሪ ደግሞ ባዶ እጅ አይባልም። ትንፋሽ ስጠው፣ ይበቃዋል አልኩት። እንዳይሞቀው ከእንስራው ጎን አሳደርነው።»

ሁላችንም ብልቃጡን እናያለን። ነጩ ነገር ከዳር ከዳር እየሳሳ መጣ፣ እየጠበበ ሄደ፣ ጠፋ። ሲፈን ተነስታ «የአሚና ነፍስ ወጣች!» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሁለት ልጆችም ተከተሏት።

አሚና ብልቃጡን አየች፣ ሲፈንን አየች። አፏን አስጠግታ እንደገና ተነፈሰችበት።

«አታልቅሺ» አለቻት። «ብዙ አለኝ።»

ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ያልሰጠችኝን ድምፅ ነው የሰማሁት። ልብ ያልኩት ሃሊማ ስትነግረኝ ነው፤ ለካ አንድ ቦታ ቆሜአለሁ፣ እግሬም እጄም አይንቀሳቀስም።

«ነክተሽ እዪው» አልኳት ሲፈንን። «ምንድን ነው?»

ጣቷን አስገባች። እንባዋ ሳይደርቅ «ውሃ» አለች።

«ከየት መጣ?»

«ከሆዷ።»

«እኔም ሆድ ውስጥ አለ?» አለ ናትናኤል፤ መልስ ሳይጠብቅ ሮጦ መስኮቱ ላይ ተነፈሰ። ፀሐይ የመታው መስኮት ምንም አላሳየም። ተናደደ። ሲፈን ሃ ስትልበት ግን የሱፐርቫይዘሯ መነጽር ነጣ። መስኮቱ ለምን እምቢ አለ? ብልቃጡ ለምን እሺ አለ? ናትናኤል መስኮቱን በእጁ ዳሰሰው። «ይሄ ይሞቃል» አለ። ብልቃጡን ዳሰሰ። «ይሄ ይቀዘቅዛል።» ልጆቹ ጨርቁን በውሃ አርሰው መስኮቱን ጠረጉት፣ እንደገና ተነፈሱበት፣ ተጯጯሁ። ባጃጅ ነጂው ስልኩን አውጥቶ መስታወቱ ላይ ይሞክራል። አቶ ገመቹ ከጎኑ ቆመው «ከሩቅ አይደለም፣ አስጠግተህ ነው» ይሉታል። ናትናኤል ብልቃጡን ለእናቱ ወሰደላት፤ ሁለት ስለሆነች የእሷ ይበልጣል ብሎ። የሺ ተነፈሰች። የእሷም እንደ አሚና ነው፤ «ሕፃኑ አልተነፈሰም፣ ተኝቷል» ብሎ አስታረቀው።

ሱፐርቫይዘሯ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላሳዩንም። «ሪፖርቱ በደብዳቤ ይመጣል» ብለው ሄዱ። የወረዳ ደብዳቤ እንዴት እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ዳይሬክተሩ ደብዳቤ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ሰኞ ጠዋት ዘበኛውን ጋሽ ሞላን ጠርተው ወንበሮቹን እንዲያስገባ አዘዙት። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት አርባ ሦስት ተማሪ ነበረኝ፤ የቀረ የለም። ሁሉም ብልቃጥ ይዘዋል። ቅዳሜና እሁድ ወሬው ከተማውን ዞሮ፣ የአሚና ብልቃጥ የሚሠራውን ያልሞከረ ልጅ አልቀረም። ልጆቹ በየብልቃጣቸው ላይ ስማቸውን ጽፈው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሦስቱ የቀርከሃ መደርደሪያ ላይ አሰልፈዋቸው ነበር።

ጋሽ ሞላ በሩን ከፍቶ አየና ወንበሩን መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ እዚህ ውስጥ ወንበር አልወረውርም» አለ። «የሕፃናት ነፍስ ነው የተቀመጠው ይባላል።»

እኔና ሃሊማ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ቆመን እንሰማለን። እኔ ሄጄ ላስረዳ ስል ሃሊማ ኮቴን ያዘችኝ። «አንዴ እንኳ ባለህበት ቁም» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ተናደው ገቡ። አንዱን ብልቃጥ አነሱ፣ ጨርቁን ገለጡት፣ ወደ ብርሃን ያዙት።

«ባዶ ነው እኮ ጋሽ ሞላ። ተመልከት፣ ምንም የለበትም።»

ጋሽ ሞላ ቀረብ ብሎ አየው። ብልቃጡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በተጣመመ ፊደል፣ አሚና ተብሎ ተጽፏል።

«ባዶ ከሆነ» አለ፣ «ስም ለምን ተጻፈበት?»

ዳይሬክተሩ ስሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉት፣ ከነበረበት አስቀመጡት፣ በሩን በገመዱ አሰሩት። ወንበሮቹ አሁን ቢሯቸው ውስጥ ናቸው፤ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ለጉዳይ የሚገባ ሁሉ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ነው የሚያወራው። ለእኔ ተመችቶኛል።